የሙሽራዋ ፎቶ ሲጎላ

ስርጉት መጀመሪያ ከቢቸና ወደ ሞጣ የመጣችው ለእናቷ ሙት ዓመት ፎቷቸውን ልታሳትም ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አካለ ወልድ ፎቶው ደቃቃ ስለሆነ ቢለጠጥ እንደሚደበዝዝ ነገራት። አነስ አድርጎ፣ የእናቷ ፈገግታ ሳይጠፋ አተመላት። ከዚያ ወዲህ ስርጉት ሞጣ የሚያመጣት ጉዳይ አላጣችም። ዋል አደር ሲል ተዋደዱ።

አካለ ወልድ ሽማግሌ ሲልክ ግን አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አልተቀበሉም፤ ልጃቸውን ለወዳጃቸው ልጅ ሊድሩ ቃል ሰጥተዋል። የስርጉት ስልክ ተዘጋ። ቆይቶ አክስቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም ደወሉና ወድዳ እንደምታገባ፣ እሱም እንዲተዋት ማለቷን ነገሩት። አካለ ወልድ አመነ። እህል አልወርድለት፣ እንቅልፍም አልወስደው አለ።

አንድ ቀን የሙሽራው ወንድም፣ ስጦታው የሚባለው፣ የሰርግ ባነር ሊያሳትም መጣ። የማን በር እንዳንኳኳ አያውቅም። በስልኩ ባሳየው ፎቶ ላይ ስርጉት ፈገግ ብላለች።

አካለ ወልድ እንደምንም ብሎ፣ «ይሄ በቴሌግራም ሲላክ የተጨመቀ ነው» አለው። «በስልክ ያምራል። ግድግዳ በሚያህል ባነር ላይ ግን ፎቶውን የሠሩት ነጠብጣቦች አይበቁትም፤ ፊቷ ይፈርሳል። ዋናውን ሳይጨመቅ እንደ ፋይል ያስልኩልኝ።»

ስጦታው ለፎቶ አንሺው ደውሎ ዋናውን አስላከና ወደ ሌላ ጉዳዩ ሄደ። አካለ ወልድ ጥራቱን ሊያይ ፎቶውን በኮምፒውተሩ አጎላው። አልፈረሰም። የቅንድቧ ፀጉር እንኳ ይቆጠራል። ከኩሉ ሥር ግን የዓይኗ ቆብ አብጧል፤ ሽፋሽፍቷ እርጥብ ነው። ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

ወድዳ የምታገባ ሴት ፊት አልመሰለውም። ከዚያ ለስጦታው ደውሎ ሥራውን እንደማይሠራ ነገረውና የቢቸናን ሚኒባስ ተሳፈረ።

ስርጉትን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አገኛት። ከስታለች።

«ወድደሽ ነው የምታገቢው?»

«አክስቴ አንተን አግብቷል አሉኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ታዲያ ማንን ልጠብቅ?»

አብረው ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ተቀመጡ። አካለ ወልድ ሊናገር ሲል ስርጉት ቀደመችው።

«አባቴ፣ እርስዎ ቃልዎን ከሚያጥፉ እኔ ልሙት ብዬ ነበር። አሁን ግን መኖር አማረኝ።»

መሪጌታ አቀረቀሩ። ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩዋትም።

«እያለቀስሽ አልድርሽም» አሉ። «ቃሌን አጥፌም ሰው ፊት አልቆምም። ሂጂ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያቺ «ሂጂ» ምርቃት ትሁን እርግማን ስርጉት ልትለየው አልቻለችም።

በጥር ሞጣ ላይ ተጋቡ። እንግዳው ሲያጨበጭብ ስርጉትም ታጨበጭባለች፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አልተነቀለም። አካለ ወልድ እጇን ያዘና እሱም አብሯት በሩን ያይ ጀመር። አባቷ እስኪመሽ አልመጡም።