ነጩ የካቢኔ በር

«ሠላሳ ሦስት ከግማሽ! ጻፊ፣ የእኔ ፎርማን» አለ አባቷ፣ ሜትሩን በካቢኔው ክፍት አፍ ላይ ወጥሮ እንደያዘ።

ልጅቷ ወዲያው አልጻፈችም። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ሜትሩ የሚለው ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ነው። ስምንቱ እሷ ከቆመችበት እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

የጻፈችው ግን ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ነበር። ትናንት እሱ እንዳላት ጽፋ ጉድ ሆነው ነበር። አባቷ ለማንም አልሸጥም ብሎ ስድስት ዓመት አልጋ ሥር ያኖረውን ጣውላ በዚያ ልክ ቆረጠው፤ በሩ አምስት ሴንቲ አጠረ። ሲያገላብጠው ቆይቶ «ቁጥር መጻፍም አቃተሽ?» አላት። አላቃታትም፣ ግን ዝም አለች። በጣም ያበሸቃት ቁጣው ሳይሆን ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ከልቡ ያመነ መምሰሉ ነው።

ዝም ያለችበት ምክንያት ነበራት። ባለፈው ወር ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የዓይን ክሊኒክ ወረቀት አገኘች። ሁለቱም ዓይኖቹ እየደከሙ እንደሆነ፣ መነጽርም ብዙ እንደማይረዳው ይላል። እንደነበረ አጥፋ መለሰችው። ሳምንት ሳይሞላ አባቷ «ከአለቃዬ ጋር አልተስማማንም» ብሎ ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ለቀቀ። እናቷ አመነችው፤ እሷ ግን አላመነችም።

«ዛሬም ልኬት ላይ ናችሁ?» አለች እናቷ የታጠበ ድስት ይዛ ስትገባ። «ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ቤት በር ስትገጥም ኖረህ፣ የእኔ ካቢኔ አራት ዓመት በጨርቅ ተጋርዶ ይቀመጥ? በቃኝ! ከሱቅ ይገዛ። ዛሬ ልኩን ብንነግራቸው ቅዳሜ መጥተው ይገጥማሉ።»

«የተጨመቀ ሰጋቱራ እኮ ነው የሚሸጡልሽ! ውሃ ሲነካው የሚያብጥ። እኔ የምሠራውን የልጅ ልጆችሽ ይከፍቱታል።»

«የልጅ ልጆቼ ሳያረጁ ይደርስልኛል?»

ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ከፊቷ ጠፋ።

«እንግዲያው እሷ ትፍረድ» አለች እናቷ። «አንተ ልሥራ ትላለህ፣ እኔ ይገዛ እላለሁ። እሷ ያለችው ይሁን።»

የአባቷ ፊት በራ። «ተስማምቻለሁ! የማን ልጅ እንደሆነች አሁን ታያለሽ።» በልጅነቷ ሰጋቱራው ውስጥ ስትጫወት ያደገች፣ መዶሻ አቀባዩ ናት። ታመነታለች ብሎ አልጠረጠረም።

«ይሠራ» ብትል ቁጥሩን ልታስተካክልለት ትችላለች፤ መጋዙን ግን አትይዝለትም። ትናንት ጣቱ የተረፈው ለጥቂት ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አሁኑኑ፣ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ፣ አባቷ በሚስቱ ፊት «እስቲ ይሄን አንብብ» ሊባል ነው። ይህን ለማየት አቅም አልነበራትም።

«ይገዛ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይገዛ። ነጩ፣ የሚያብረቀርቀው። ጓደኞቼ ቤት ያለው ሁሉ እሱ ነው። የእንጨቱ እኮ… ፋራ ነው አባዬ።»

አባቷ ሜትሩን ለቀቀው፤ ቋ ብሎ ተጠቅልሎ ገባ።

«ፋራ» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔ ሥራ ያሳፍርሻል ማለት ነው?»

መልሷን ቆሞ ጠበቀ።  አያሳፍረኝም ልትለው ፈለገች፤ እንዲያ ካለች ግን ነገ መጋዙን ያነሳል።

«አዎ» አለች።

«እሺ።»  የቀሩትን ጣውላዎች ታቅፎ ወደ ግቢ ወጣ።

እናቷ ሳትቀር ደነገጠች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ይገዛ አልኩ እንጂ አባትሽን አዋርጂልኝ አልኩሽ?»

 ይቀየመኝ፣ አለች ልጅቷ በልቧ። ዓይኑን ከሚጠላ እሷን ይጥላ። ሜትሩን አነሳች። የካቢኔውን አራት ክፍት ቦታዎች ራሷ ለካች፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለቴ። ከዚያ ወደ ሱቁ ደወለች።

«አንዴ ከተቆረጠ አንመልስም» አለ የሱቁ ሰው ቁጥሮቹን ጽፎ ሲጨርስ። «ማነው የለካው? የሚያውቅ ሰው ነው?»

በመስኮቱ በኩል አባቷ ጎንበስ ብሎ ጣውላ ሲደረድር ይታያታል።

«አባቴ ነው» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ። «አናጺ ነው።»