የአባወራው ድርሻ

ዘጠነኛዋ ዶሮ አልሞት አለች።

ሹቫይ በግራ እግሯ ሁለቱን ክንፎች፣ በቀኝ እግሯ ሁለቱን የዶሮዋን እግሮች ረግጣ፣ ጎንበስ ብላ ቢላውን በዶሮዋ አንገት ላይ ሳበችው። ቢላው ደንዟል። ዶሮዋ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት።

«ድገሚው!» እናቷ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ጮኸችባት። «በግማሽ አትተያት፣ ግፍ ነው!»

ደገመችው። ደሙ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ፈነጠቀ። ዶሮዋ እግሯ ሥር ተንፈራገጠች፣ ተንፈራገጠችና ዝም አለች። ሹቫይ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሥራዋ ላባ መንጨት ብቻ ነበር፤ ማረዱ የእናቷ ነበር። አሁን ግን የእናቷ ቀኝ ክንድ በሁለት ጣውላ መሃል በአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

የሥጋ ዶሮ ቀን አይጨመርለትም። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ወይ ይሸጣል ወይ ይታረዳል። ከዚያ ካለፈ ክብደቱ እግሩን ያሸንፈዋል፤ ይቀመጣል፤ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ልቡ ቀጥ ይላል። ይህን በሰፈሩ ውስጥ በጓሮዋ ዶሮ የምታረባ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። አዋጁን ያወጡት ሰዎች አያውቁትም፤ ለማወቅም አልጠየቁም። ወረርሽኙ መጣ፤ ሠርግ ተከለከለ፣ ገበያ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከቤት መውጣት ወንጀል ሆነ። በትልቁ መደብር በረዶ የሆነ ዶሮ በላስቲክ ታሽጎ እንደ ልብ ይሸጣል። በሽታው የሚተላለፈው በድሃ ዶሮ ብቻ ነው መሰለኝ! የሹቫይ እናት መቶ ሃያ ዶሮዎች ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ታዘው ነበር። ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ዶሮዎቹን ግን አትደጉ ያላቸው የለም። ስምንተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። በየማለዳው ሁለት ሦስት ሬሳ ከዶሮ ቤቱ ይወጣል።

ለዚህ ነበር እናቷ ከአራት ቀን በፊት አሥር ዶሮ በሁለት ጆንያ ከታ፣ ከድንጋይ ካባው ጀርባ፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ወደ ማዶው ሰፈር የወጣችው። ጓድ ማሽንጋ መንገዱ መሃል ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

ማሽንጋ የሰፈር ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ማን መረጠው ቢባል መልስ የለም። ከወረርሽኙ በፊት ቢራ ቤት ደጃፍ ወንበር ሲያሞቅ ይውል ነበር። አዋጁ ሲወጣ የጉማሬ ቆዳ አለንጋ ይዞ፣ ማስኩን አገጩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለ። ያን ቀን ዶሮዎቹን ከነጆንያው ቀማት። የእናቷን ክንድ የሰበረው አለንጋው አይደለም፤ አብረውት ከሚዞሩት ሁለት ጎረምሶች የአንደኛው ቆመጥ ነው። ጤና ጣቢያ አልሄደችም። ለመሄድ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ማሽንጋ ነው።

ያቺን መንገድ፣ የዚያን ቀን ጉዞ፣ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እናቷ፣ እሷ ራሷ፣ እና ኔትሳይ።

«ጨጓራዋን አደራ እንዳትጥያት» አለች እናቷ፣ በግራ እጇ የላባ መንጫውን የፈላ ውኃ ከምድጃው ላይ እየገፋች። «ለአባትሽ ናት።»

«እማ፣ አባዬ ጆሃንስበርግ ነው። ድንበሩ ተዘግቷል።»

«ተዘግቷል አልሽ እንጂ ፈርሷል አላልሽም። ይከፈታል።»

በሹቫይ አገር የዶሮ ጨጓራ፣ ያቺ እህል የምትፈጨዋ ጠንካራ ሥጋ፣ የአባወራው ድርሻ ናት። ሴት አትነካትም። ልጅ አይነካትም። ሳህኑ ላይ ጨጓራዋ የተቀመጠችለት ሰው የቤቱ ጌታ ነው፤ ነገሩ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ድንበሩ ከተዘጋ ጀምሮ እናቷ የታረደችውን ዶሮ ሁሉ ጨጓራ ጨው እየነሰነሰች በክር ሰክታ ከምድጃው በላይ ታንጠለጥላለች። ክሩ ረዝሞ ግድግዳውን ዞሯል። ዛሬ ለምሳ የታረደችዋ ብቻ ከነጨጓራዋ ድስት ውስጥ ናት፤ ክሩ ስላለቀ። የቀሩት አዲስ ክር እስኪገኝ ጨው ውስጥ ይቆያሉ።

«ሹቪ!»

ከአጥሩ ቆርቆሮ ክፍተት የኔትሳይ ግማሽ ፊት ታየ። ጎረቤት ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛ። በነሱም ጓሮ ዶሮ አለ።

«እናትሽ እንዴት ናት?»

«እጇ ተሰብሯል። ከዚያ ውጪ አሪፍ ናት።»

«አረ እንደሱ አትበይ። እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የካባው ዘበኛ ነው ያያት። ምላሱን አታውቂውም እንዴ?»

«ዘበኛው ካባው ከተዘጋ ጀምሮ ገጠር ነው ያለው።»

«እና... ሌላ ሰው ነዋ። እኔን ምን ታፈጭብኛለሽ?»

ሹቫይ እሷን አይደለም የምታየው። ከኔትሳይ ትከሻ በላይ፣ የነሱ ዶሮ ቤት መስኮት ላይ፣ ለነፋስ መከለያ አንድ ጆንያ ተሰቅሏል። ጆንያው ለአየር መግቢያ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት። የያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዝ በቀይ የሱፍ ክር ተዘምዝሟል። እንዲህ የምትዘመዝም አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እናቷ፣ ዶሮዎቹ በመንቆራቸው እንዳይቀዳድዱት ብላ፣ ከአሮጌ ሹራብ ተርትራ። ክሩን በመርፌ ያስገባችው ደግሞ ሹቫይ ራሷ ናት።

ቢላው ከእጇ ወደቀ። እንኳንም ወደቀ።

በክፍተቱ እንዴት እንደሾለከች አታውቅም፤ ቆርቆሮው ትከሻዋን ቀዶት ነበር። የኔትሳይን ሹሩባ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት ላይ ጣለቻት። መታቻት። ጉንጯን፣ ጆሮዋን፣ ያገኘችውን ሁሉ መታቻት። የዶሮ ደም ከእጇ ወደ ኔትሳይ ፊት ተላለፈና የማን ደም እንደሆነ መለየት አቃተ። ኔትሳይ አልመለሰችም። ጭንቅላቷን ብቻ በክንዶቿ ሸፍና ተኮራምታለች። ይህ ሹቫይን ይበልጥ አናደዳት።

«ምቺኝ! እጅ የለሽም? የሷን እጅ ግን አሰበርሽ!»

«ቀስ በይ» አለች ኔትሳይ ከክንዷ ሥር። «ባክሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ። አባቴ ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ታሟል ሹቪ።»

የሹቫይ ቡጢ አየር ላይ ቆመ። ከቤቱ ውስጥ፣ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ፣ አንድ ሳል መጣ። ረጅም፣ እርጥብ፣ መጨረሻው የማይገኝ።

«ሁለት ሳምንቱ ነው። ማንም አያውቅም። ቧንቧው ጋ እንቁላል ስሸጥ ማሽንጋ ያዘኝ። ቤታችሁን ልፈትሽ ብሎ በሩ ድረስ መጣ። ቢገባ ያገኘዋል። ለይቶ ማቆያ ካስገባው ደግሞ... ከማቆያ የተመለሰ ሰው አይተሻል? ጋሽ ዙንዴ ተመለሰ? ሌላ ነገር ልስጠው አልኩ። በአፌ የመጣው የእናትሽ መንገድ ሆነ።»

«ጆንያውስ?»

«'ለውለታሽ' ብሎ ወረወረልኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ።»

ሹቫይ ተነሣች። ምራቋን መሬቱ ላይ ተፋች። እንደመጣችው በክፍተቱ ተመለሰች። አሁን እሷም የምትሸጠው ነገር አላት። አንዲት ቃል፤ ያስላል።

ያን ጊዜ ነው የግቢው በር በእርግጫ የተከፈተው።

«ላባ ሸተተኝ» አለ ማሽንጋ። ጎረምሶቹ ከኋላው ናቸው። «የሹቫይ እናት፣ ንግድ ነው እንዴ? በወረርሽኝ?»

«ለቤት ነው ጓድ» አለች እናቷ። ድምጿ ቀጥኗል።

«ዘጠኝ ዶሮ ለሁለት ሴት! ምን ዓይነት ሆድ ነው?» ጎረምሶቹ ሳቁ። ማሽንጋ አንድ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ አለንጋውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «በሉ፣ ድስቱ እንደበሰለ አውቃለሁ። የሳድዛ ገንፎውንም አቅርቡልን። ርቦን ሕግ አናስከብርም።»

እናቷ ማድ ቤት ገባች። ከአጥሩ ማዶ ያ ሳል እንደገና መጣ። ማሽንጋ ጆሮውን አቀና።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዶሮዎቹ ናቸው» አለች ሹቫይ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። «ጊዜያቸው ሲያልፍ ደረታቸው ይታፈናል። ያስላሉ። ዶሮ አርብተው ስለማያውቁ ነው።»

«አይ አንቺ ፕሮፌሰር! የናንተ ሰፈር ዶሮ አክታም ይተፋል?» አለንጋውን አነሣና በጫፉ አገጯን ቀና አደረገው። «ስሚ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ያቺ ጓደኛሽ አንድ ቃል ነገረችኝ፤ ዶሮ ቤቷ ይኸው ቆሟል። አንቺም አንድ ቃል ንገሪኝ። እዚያ ቤት ማነው የሚያስለው? ከነገርሽኝ የናንተም ይቆማል፤ ለእናትሽም የጤና ጣቢያ ፈቃድ እጽፋለሁ። ካልነገርሽኝ፣ እነዚህ ልጆች ዛሬ ስፖርት አልሠሩም።»

በቆርቆሮው ክፍተት አንድ ዓይን ይታያል። ያበጠ ዓይን። ሹቫይ ናት ያሳበጠችው።

«ሹቫይ» እናቷ ጠራቻት። ማድ ቤት ስትገባ ሳህኑ ተዘጋጅቷል፤ ነጩ የበቆሎ ገንፎ፣ ጎመን፣ የዶሮዋ ጭን። ከሁሉ በላይ፣ መሃል ላይ፣ ጨጓራዋ።

«እማ! ይቺ የአባዬ ናት።»

«ስጪው» አለች እናቷ ወደ ግድግዳው ዞራ። «ይብላና ይሂድልን። እንዲህ ነው የሚፈልገው።»

ሹቫይ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ማሽንጋ ገና ከሩቅ ሲያያት ፈገግ አለ። ዓይኑ ሥጋው ላይ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ነው።

«ይኸውላችሁ፣ ጨዋ ቤት እንዲህ ነው» አላቸው ጎረምሶቹን። «አባወራ የሌለበት ቤት አይባል። እኔ አለሁ። በይ አሁን፣ የኔ ልጅ፣ ማነው የሚያስለው?»

ሹቫይ ከፊቱ ቆመች። በደም በተለወሰ እጇ ጨጓራዋን ከሳህኑ ላይ አነሣችና አፏ ውስጥ ከተተቻት።

ጨጓራ ቶሎ የሚዋጥ ሥጋ አይደለም። በቀኝ መንጋጋዋ አኘከቻት፣ በግራ መንጋጋዋ አኘከቻት። ትኩስ ነበረች፤ ምላሷን አቃጠላት። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ ሳትነቅል አኘከች። አፉ የሞላ ሰው ደግሞ አይናገርም።

የመጀመሪያው አለንጋ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ሳህኑ ተሰበረ። ሁለተኛው ጀርባዋ ላይ አረፈ፤ ሦስተኛው አንገቷን ዞሮ ጉንጯን ቀደደ። በጉልበቷ ወደቀች። አልዋጠችም፣ አልተፋችም፣ አኘከች። አራተኛው አልመጣም። ቀና ስትል እናቷ የላባ መንጫውን የፈላ ውኃ በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ከማሽንጋ ፊት ቆማለች። ማሰሮው ይጨሳል።

«አንዴ ብቻ ሰንዝር» አለች እናቷ፤ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። «እንደ ዶሮ ነው የምነጭህ።»

ማሽንጋ ወደ ኋላ ተራመደ። ፈርቻለሁ እንዳይል ጎረምሶቹ ላይ ጮኸ። «ምን ትገተራላችሁ! አፍርሱት!»

አፈረሱት። ምሰሶውን በእርግጫ፣ ሽቦውን በቆመጥ፣ ጣሪያውን ከነድንጋዩ። ሌላ እንስሳ ቢሆን ይበተን ነበር። የሥጋ ዶሮ ግን አይሮጥም። በሩ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ወድቆ፣ ሰማዩ ታይቶ፣ ሁሉም በተቀመጡበት ቀሩ፤ ጫማው እስኪደርስባቸው ጠበቁ። ሹቫይ አጥንት ሲሰበር ያለውን ድምፅ ከዚያ በፊት ያንን ያህል ጊዜ ተከታትሎ ሰምታው አታውቅም። ሲደክማቸው በየእጃቸው የቻሉትን ያህል ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው ሄዱ። ማሽንጋም ከመቅጣት ይልቅ መሸከም ስለበለጠበት፣ አለንጋውን በብብቱ፣ ሦስት ዶሮ በየእጁ ይዞ ወጣ።

«ገና እመለሳለሁ!» አለ ከበሩ።

እናቷ ማሰሮውን አስቀመጠችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሹቫይ ያን ጊዜ ነው የዋጠችው።

ከፍርስራሹ ሥር ክንፋቸው የተሰበረ፣ ጀርባቸው የተደቆሰ ሃምሳ የሚሆኑ ዶሮዎች ይንፈራገጣሉ። ሳይታረዱ ከሞቱ ለማንም አይሆኑም። ሹቫይ ቢላውን ከመሬት አነሣች፤ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳለችው። ጉንጯ ላይ ያለው ደም እየደረቀ ቆዳዋን ይስበዋል።

ቆርቆሮው ተንኳኳ። ኔትሳይ በክፍተቱ ገብታ ቆማለች። ዓይኗ ተደፍኗል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ቀይ ክር ያለው ጆንያ በእጇ ነው። ዘረጋችላት። ሹቫይ አልተቀበለቻትም። ኔትሳይ ጆንያውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው።

«ሹቪ፣ እኔ...»

«አልታረቅንም» አለች ሹቫይ።

«አውቃለሁ።»

ሹቫይ አንዷን ዶሮ ከፍርስራሹ ስባ አወጣች። በቆሰለ ትከሻዋ ጎንበስ ስትል ከወገቧ በላይ ያለው ሁሉ እሳት ሆነባት። ብቻዋን ረግጣ ማረድ እንደማትችል ገባት። ከአጥሩ ማዶ ያ ሳል መጣ፤ ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም ቀና አላሉም።

«ክንፏን ርገጪ» አለች ሹቫይ።

ኔትሳይ ጫማዋን አወለቀችና ረገጠች።