የተቆረጠው ላስቲክ

ደም ቀጂዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ቂም ነበራት። በየዓመቱ የደረጃ እድገት ማመልከቻዋን ይዛ የላብራቶሪው ኃላፊ ፊት ትቆማለች። እሱም ቀና እንኳ ሳይል፣ «ደም መቅዳት ሙያ አይደለም፤ መርፌ ማንም ይወጋል» ብሎ ይመልሳታል። እጃቸውን ይዛ ያስተማረቻቸው ልጆች ደም ወደሚመረመርበት ማሽን ክፍል አልፈው አለቆቿ ሲሆኑ፣ እሷ በገባችበት እርከን ላይ እንደ ምሰሶ ተተክላ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ብሶባት፣ ታካሚ በተሰለፈበት፣ «አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቃለህ!» ብላው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው እሷ ደም በምትቀዳበት ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪው ሲደርስ ግራ ክንዱ እንደተዘረጋ ነበር። ክርኑ መታጠፊያ ላይ አራት የመርፌ ቀዳዳ አለ። ከእግሩ ሥር ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክ ተቆርጦ ወድቋል። ሐኪሙ፣ ልብ የሚያቆም መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጥቶታል አለ። የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ደም ቀጂዋ፣ ዋና ነርሷና የኃላፊው ምክትል።

«ምን ያደክምዎታል?» አለ ምክትሉ። «ዛቻዋን ያልሰማ የለም። ይቺ ሴትዮ ክፉ ናት።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ነርሷ። «አፏ እንደሆነ ሬት ነው።»

መርማሪው ወደ ደም ቀጂዋ ዞረ። «ይጠሉት ነበር፣ እህቴ?»

«አዎ። ሞቷል ብዬ አሁን አልወደውም።»

«ደሙን የሚቀዱት እርስዎ ነበሩ?»

«በየወሩ፣ ለስኳሩ። የግራው ደም ሥር ይሸሻል፤ ሁሌ ከቀኝ እጁ ጀርባ ነው የምቀዳው። ከዛትኩበት ወዲህ ግን ወደ እኔ ዝር አላለም።»

መርማሪው ላስቲኩን አነሳና አገላብጦ አየው። ከዚያም የሟቹን መሳቢያ አስከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየ።

ከምሳ በፊት ሦስቱንም ከሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ጋር እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። እጅጌውን ሰብስቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ «በየተራ ክንዴን እሰሩልኝ» አለ።

ደም ቀጂዋ አሰረች፤ አንዱን ጫፍ በጣቷ ሳብ ስታደርገው ተፈታ። ነርሷም እንደዚያው። ምክትሉ እየተነጫነጨ አሰረ። መርማሪው ጫፉን ቢስበው፣ ቢስበው፣ እንቢ አለ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ። «መድኃኒቱ ልብ ጋ እንዲደርስ ላስቲኩ መፈታት አለበት። ገዳዩ በአንድ እጁ መርፌውን ይዟል። ቋጠሮው ጠንካራ ስለነበር በሌላው እጁ መፍታት አልቻለም፤ በመቀስ ቆረጠው። ይኸው፣ ቋጠሮው እስካሁን አለ። በቀን አርባ ሰው የሚያስር እጅ እንዲህ አይቋጥርም።»

«ሆን ብላ ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ።

«ራሷን መደበቅ የፈለገች ሴት በገዛ ወንበሯ ላይ ትገድላለች? ደግሞስ፣ የዛተችበትን ሴት ሸሽቶ የከረመ ሰው፣ አራት ጊዜ እስክትወጋው ዝም ብሎ ይቀመጥላታል? ዝም ያለው የሚያምነው ሰው ስለሆነ ነው። ደም ሥሩ የጠፋው ደግሞ መርፌ ከያዘ ዓመታት ላለፉት ሰው ነው። ነርሷ በየቀኑ ትወጋለች፤ አንተስ?»

«እኔ ለምን እገድለዋለሁ?»

መርማሪው አንድ የምስክር ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «‹በአንድ ሳምንት ደም ቀጂ ይሁኑ፣ ዳጎስ ያለ ደመወዝ ያግኙ› የሚለው ማሠልጠኛ ያንተ ነው፤ ፈቃዱን አስጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሥራ ፈላጊውን ሁሉ አታለሃል። ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የሟቹ ነው፤ ሟቹ ግን አልፈረመም። ለፖሊስ የጻፈው ክስ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ባለቤቱ አንተ መሆንህን ገና አላወቀም፣ ግን ዛሬ ሊልከው ነበር።»

ምክትሉ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ነርሷ ዓይኗን ከደም ቀጂዋ አሸሸች።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «በይ እንግዲህ፣ ነጻ ወጣሽ። ታካሚ ተሰልፏል፤ ጀምሪ።»

«ደረጃዬስ?»

«ሰው ሞቶ ስለ ደረጃ ታወሪያለሽ? አዲስ ኃላፊ ሲሾም ይታያል።»

ደም ቀጂዋ ጓንቷን አውልቃ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ወደ መርማሪው ዞረች። «ወንድሜ፣ እጄ ከሌላው እጅ ይለያል ያሉትን፣ ፍርድ ቤት ብጠራዎት ይደግሙታል?»

«ቃል በቃል።»

ከዚያ ማንንም አላናገረችም። የተሰለፈውን ታካሚ ይቅርታ እየጠየቀች አልፋ፣ በእግሯ እስከ ሥራ ክርክር ችሎት ሄደች።

«ተከሳሽ ማን ይባል?» አለ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ።

«ሆስፒታሉና የላብራቶሪው ኃላፊ።»

«ኃላፊው ዛሬ ሞቱ አይደል? የሞተ ሰው እኮ አይከሰስም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው በሕይወት ያለውን ጻፍ» አለችና የሥራ አስኪያጁን ስም ከነአያቱ ነገረችው።