ሳይጠፋ ያደረው ጨዋታ

አንዱዓለም አለነ ሞቶ የተገኘው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጆይስቲኩ ጭኑ ላይ ነበር፤ እስከ አገጩ ድረስም ወፍራም ጋቢ ለብሷል። ኢንስፔክተር የትናየት ከበሩ ስትደርስ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። ጣት የሚያክል ሰውዬ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጨዋታው ባለበት እንዲቆም ተደርጓል እንጂ አልጠፋም።

ደባርቅ ውስጥ ይህን ጌም ቤት የማያውቅ አልነበረም። አንዱዓለም ሌላው የጣለውን የሚያነሣ ሰው ነበር፤ ካሴት የሚጎርሱ የጥንት ጌሞችን፣ ሌንሳቸው የደከመ የመጀመሪያዎቹን ፕሌይስቴሽኖች፣ ጀርባቸው የተነፋ ቴሌቪዥኖችን። ሲዲ አላነብም ያለውን ማሽን ገልብጦ በጀርባው ያስተኛውና ያስነብበዋል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሲያቀረቅሩ፣ እሱ ዘንድ የሚመጡት ጺም ያወጡ፣ ትዳር የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ልጅነታቸውን ሊጠይቁ። ከተማው «ባለ ሙዚየሙ» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል። ያው ከተማ ዛሬ በሩ ላይ ቆሞ ደረቱን ይደቃል። ሰው ጥሩ የሚሆነው ሲሞት ነው፤ ይህ የኛ አመል ነው።

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ማታ ደግሞ በረዶ ከተማውን ሲወግር አምሽቷል። ስክሪኑ የሚበራው ደጅ በሚያጓራ ትንሽ ጄኔሬተር ነው፤ ገመዱ በበሩ ሥር አልፎ ይገባል። የትናየት ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አነሣች። እጁ ቀዝቃዛ ነው፤ የጥፍሩ ሥር ግን እንደ ሕያው ሰው ቀይ ነበር። ከንፈሩም እንዲሁ።

«ማን አገኘው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ» አለች እየሩስ፣ የሟቹ እኅት። ዳባት ውስጥ ነርስ ናት። «በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ። በሩን ስከፍት... እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«አባታችሁስ?»

«ማኅሌት ቆመው ነው ያደሩ። እኔ ስጮኽ ነው ከቤተ ክርስቲያን የመጡ።»

ወንበሩ አጠገብ ግማሹ የተጠጣ የአረቄ ጠርሙስ ነበር። ሰፈሩ ከፖሊስ ቀድሞ ፍርዱን ጨርሷል። አረቄውን ያመጣው የሥራ ሸሪኩ ደርቤ ነው፤ ማታም ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል፤ እንግዲህ መርዝ ነው! ከጊች፣ ከገደል አፋፍ መንደራቸው፣ የወረዱት አባትየው አቶ አለነ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ደርቤ ከሕዝቡ መሀል ብቅ ሲል ባዩት ጊዜ ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«ይኼ ነው! ልጄን የገደለብኝ ይኼ ነው! እጅህ ይሰበር!»

ደርቤ በሁለት ፖሊስ መሀል ተወሰደ። ገና አጥሩን ሳያልፉ ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ተንፈራገጠና ዝም አለ። ስክሪኑ ጨለመ። አዛውንቱም ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ራሳቸውን ያዙ።

«ጠፋ! ወይኔ ልጄን! ጠፋበት!»

ለቀስተኛው የልጃቸው ነገር እንደ አዲስ የቆረጣቸው መስሎት አብሮ ጮኸ። የትናየት ግን አልመሰላትም። ሽማግሌው ያዩት ስክሪኑን ነበር። ሰው ልጁ ሞቶ ስለምን ለጨዋታ ይጮኻል?

ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐይ ያላገኘው የግድግዳው ሥር ገና በበረዶ ነጭ ነው። ከጄኔሬተሩ ፊት ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ በአንድ እጇ ዘንበል አድርጋ ከሥሩ ያለውን አየች። አብሯት የነበረውን ፖሊስ ፎቶ እንዲያነሣ ነገረችው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

*

«አረቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ደርቤ፣ እስር ቤቱ ውስጥ ከፊቷ ተቀምጦ። ዓይኑ አብጧል። «እኩል ነው የጠጣነው። መርዝ ከነበረበት እኔስ ምነው ተረፍሁ?»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጨቃጨቅን። አሮጌዎቹን ሸጠን አዲስ እናምጣ አልሁት። እሱ ደግሞ መጨረሻው በር ላይ ደርሰናል፣ ዛሬ አትነዝንዘኝ አለኝ።»

«ደርሰናል? ከማን ጋር?»

ደርቤ ሐዘኑ መሀል ፈገግ አለ። «ከአባቱ ጋር ነዋ! ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ ጌም ቤት ሲከፍት ስንት ዓመት አኩርፈውት የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ጥርሳቸውን ሊታከሙ ወርደው እሱ ዘንድ አረፉ። አንድ ቀን ከኋላው ቆመው ሲያዩ፣ ‹ይኼ ሰውዬ አገሩ የት ነው? ገደል መዝለል አያውቅም› አሉ። የጊች ሰው እኮ ናቸው! ጆይስቲኩን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስለቅቃቸው! ያን ጨዋታ እሱ በልጅነቱ ጀምሮ አልጨረሰውም ነበር። አባትና ልጅ የታረቁት እዚያ ገደል ላይ ነው።»

«ቢያጠፉትስ?»

«ማሽኑ ማስቀመጫ ካርድ የለውም። ከጠፋ ከሀ መጀመር ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምረው በጄኔሬተር ነበር የሚጫወቱ፤ እኔ ስወጣ እሱ በአረቄውም በድካሙም እንቅልፍ ጥሎት ነበር። በረዶው ገና አልጀመረም።»

ከዚያ የቤቱን አከራይ ወይዘሮ ታንጉትን አነጋገረቻቸው። የወይዘሮ ታንጉት መኝታ ከጌም ቤቱ የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ጎረቤት ለመናገር ሲጠየቁ ምራቃቸውን የሚውጡ ሰው አይደሉም።

«ድምፁን አልወደውም ነበር፤ አልደብቅሽም። ልቀቅልኝም ብየዋለሁ። ግን ልጁ ትሑት ነበር፤ ምን ያደርጋል!»

«ያን ማታ ጄኔሬተሩ ይሰማዎት ነበር?»

«ኧረ ተዪኝ ልጄ! ሌላ ቀን ከደጅ ነው የሚያጓራው። ያን ለት ግን እዚህ፣ ከግድግዳዬ ሥር፣ ጆሮዬ ላይ ሲያጓራ አደረ። ራቅ ያለልኝ ከነጋ ወዲያ ነው። ወዲያው የእየሩስን ጩኸት ሰማሁ።»

«አቶ አለነን አይተዋቸዋል?»

«ወደ ማኅሌት ሲወጡ አየኋቸው። በዚያ ቁር፣ በነጠላ ብቻ! ‹ጋቢዎትስ?› ብላቸው፣ ‹ልጄን አለበስሁት› ብለው በደስታ ሄዱ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።»

የትናየት ወደ ጌም ቤቱ ተመለሰች። መስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ በካርቶን ተደፍኗል፤ ጣሪያው በላስቲክ ኮርኒስ ተወጥሯል። ከወይዘሮ ታንጉት ግድግዳ ጥግ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። አንድ በአንድ አነሣቻቸው። ከኋላቸው፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቀርሻ ነበር። አሁን የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ጥያቄውን ለመጠየቅ ግን አልደፈረችም።

እየሩስን ከለቅሶው ጠርታ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ወንበሮቹን አንቺ ነሽ የደረደርሻቸው።»

እየሩስ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«ነርስ ነሽ፤ በሩን እንደከፈትሽ ገብቶሻል። ጄኔሬተሩን እንደበራ ጎትተሽ አወጣሽው። የጮኽሽው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሞቶ ነበር» አለች እየሩስ። «ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እሱን የሚመልስልኝ የለም። አንድ አባት ነው የቀረኝ። ማን እንዳስገባው ገብቶኛል። ቢሰሙ ይሞታሉ፤ አንድ ሬሳ አይበቃንም?»

«ደርቤስ?»

«ከጎንደር የሬሳው ምርመራ ውጤት ሲመጣ ይፈታል ብዬ ነው።»

«ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። ገዱ ደግሞ ውጤት አይጠብቅም።»

ገዱ የአቶ አለነ የወንድም ልጅ ነው። ከጃናሞራ መሣሪያውን አንግቶ ለለቅሶ መጥቷል፤ ከመጣ ጀምሮም የሚጠይቀው የደርቤ ታናሽ ወንድም የት እንደሚያድር ነው። በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የትናየትም ጎንደር ገጠር የሚያርሱ አባት ነበሯት፤ ከሞቱ ቆይተዋል። የእየሩስን እጅ ይዛ ብዙ ቆመች፤ አዘነችላትም። ቢሆንም ደም በደም ላይ ከመፍሰሱ በፊት እውነቱ መነገር ነበረበት።

*

በሣልስቱ ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቶ አለነ፣ እየሩስ፣ ወይዘሮ ታንጉት፣ በፖሊስ ታጅቦ የመጣው ደርቤ። ገዱ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሟል፤ ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ።

«ከሁሉ በፊት» አለች የትናየት፣ «መርዝ የሚባለውን እንተወው። ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ እኩል ጠጥተዋል፤ ደርቤ ይኸው አለ። ደግሞ የሟቹ ጥፍርና ከንፈር ቀይ ነበር። ይህን የሚያደርገው የሚጠጣ ሳይሆን የሚተነፈስ ነገር ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ገዱ።

«ታገሠኝ። እኔ ስደርስ ጨዋታው ካቆሙት ቦታ ላይ ነበር። ያ ማሽን ለቅጽበት እንኳ ቢጠፋ ከመጀመሪያው ይነሣል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ አላቋረጠም።»

«ደጅ ነበራ!»

«ጠዋት ደጅ ነበር። ግን ዘንበል ባደርገው ከሥሩ የተደፈጠጠ በረዶ አገኘሁ፤ ፎቶው ይኸውልህ። በረዶው ሲወርድ እዚያ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ደረቅ መሬት፣ ከላዩ በረዶ ነበር የሚኖረው። እሱ ግን በረዶ ላይ ተቀመጠ እንጂ በረዶ አልወረደበትም።»

ወይዘሮ ታንጉት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ውይ! ጆሮዬ ላይ ሲያጓራ ያደረው...»

«ከግድግዳዎ ወዲያ፣ ቤት ውስጥ ነበር። ጥቀርሻውም እዚያው አለ። ከሞተሩ ጭስ ጋር የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ይወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። አንዱዓለም አልተሠቃየም። ጠዋት ያወጣችው እየሩስ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ወንድሟ ከሞተ ቆይቷል። ስለ መደበቋ እኔ ጋ ትጠየቃለች። ደርቤ ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው።»

«ያስገባውስ?» ገዱ ወደ ውስጥ ተራመደ። «ያስገባውን ንገሪኝ! ማን ነው?»

እየሩስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየገባው አንገቱን ሲደፋ፣ አቶ አለነ ብቻ ቀና ብለው ሁሉንም ያያሉ።

«እኔ ነኛ ያስገባሁት» አሉ፣ ምኑ ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «በረዶው ሲመታው ሊጠፋ ሆነ። ልጄ ተኝቷል፤ የመጨረሻው በር ላይ ደርሰን ነበር፤ ሲነቃ ከሀ ይጀምር? እንዳልቀሰቅሰው ቀስ ብዬ ተሸክሜ አስገባሁት፤ ነዳጅም ሞላሁበት። ብርድ እንዳይገባበት በሩን ዘጋሁለት፤ ጋቢዬን አለበስሁት። ከማኅሌት ስመለስ አብረን ልንጨርሰው ነበር።»

ወይዘሮ ታንጉት ፊታቸውን አዞሩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? እኛ ቤት እሳት ሲጨስ አይደለም የሚያድር? እሱንም እኅቱንም በጭስ ውስጥ ነው ያሳደግሁ። ጭስ ሰው ይገድላል?»

የትናየት ከፊታቸው በርከክ አለች። «የሣር ቤት ይተነፍሳል፣ አባቴ። ጭሱ በክዳኑ ይወጣል። ይኼ ቤት አይተነፍስም። አያውቁም ነበር። ያለ ፍቅር ምንም አላደረጉም።»

አዛውንቱ የተናገረችውን በከንፈራቸው ደገሙት። ፊታቸው ላይ የሆነውን የትናየት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ገዱ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠና በእጁ ዓይኑን ሸፈነ።

አቶ አለነ ተነሥተው ወጡ። እየሩስ ልትከተላቸው ስትል የትናየት ያዘቻት፤ ሆኖም የራሷም ልብ ፈርቶ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ ነቅለው፣ ይቅርታ ፈላጊ እንደሚያደርገው ማጅራታቸው ላይ ተሸክመዋል። ጎብጠው ደርቤ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«በሐሰት ረገምሁህ። በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ አልሁህ። ማረኝ ልጄ።»

«ኧረ አባቴ! ኧረ በእግዚአብሔር!» ደርቤ እያለቀሰ ዘሎ ተነሣና ድንጋዩን ከላያቸው አነሣው። «ይማሩኝ፤ እኔም እንደ ልጅዎ ነኝ።»

ሽማግሌው ግን ቀና አላሉም። ድንጋዩ ከወረደ በኋላም እንደጎበጡ ቆሙ።

«ያንተን አወረድህልኝ» አሉ። «የልጄንስ ማን ያወርድልኛል?»