ብልጭ ድርግም ያላለው መብራት

ሳህሉ እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚያወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ ክዳን በሌለው የውሃ ቦይ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ብስክሌቱ ከጎኑ ተጋድሟል። ባለቤታቸው ሞቶ መብራቶቹ ግን አልጠፉም። ነጩ የፊት መብራት የቦዩን ግድግዳ ያበራል፤ ከኮርቻው ሥር ያለው ቀዩ መብራትም ሳይርገበገብ ቦግ እንዳለ ነው።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሳጅን ጃለታ የአይሱዙውን ሹፌር ዲኖን በካቴና አስሮ፣ ከሰፈሩ ሰው ዱላ ለማስጣል ገቢና ውስጥ ቆልፎበታል። ዲኖ የተያዘው ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁ በደም ተነክሮ ነው።

«ገጭቶ ሊያመልጥ ሲል ደረሱበት» አላት ጃለታ። «ቃሉ ራሱ አይገጥምም። መጀመሪያ መኪና ሲመጣ አየሁ አለ፤ ቆይቶ መኪና አልነበረም አለ። ሌላ ምን ቀረን?»

የሺሃረግ ሰው ሲቸኩል የምትዘገይ ሴት ናት። ይህ አመሏ አለቆቿን ያበሳጫል፤ ጃለታን ደግሞ ቆሞ በመጠበቅ እግሩን ያደነዝዘዋል። ቦዩ ውስጥ ወርዳ ብስክሌቱን ዞረችው። የመኪና ቀለም አልነካውም፤ የኋላ ጎማውም አልተጣመመም። የአይሱዙው ፊት ላይም ከአቧራ በቀር ጭረት የለም። ቀዩ መብራት ላይ ስትደርስ ግን ቆማ ቀረች።

«ጃለታ፣ ይሄ ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይነት አይደለም እንዴ?»

«ነው። ጨለማ ውስጥ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ፤ ዓይን ያጠፋሉ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ዝም ብሎ በራ?»

«ሲወድቅ ነዋ!»

ፎቶ ካነሳችው በኋላ አዝራሩን ነካ አደረገችው፤ አልተለወጠም። በዱላ ጫፍ መታ መታ አደረገችው፤ አሁንም አልተለወጠም። ተጭና ስታቆየው ብቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«መውደቅ አይቀይረውም» አለች። «የቀየረው የሰው ጣት ነው።»

ዲኖን ገቢናው ውስጥ ገብታ አነጋገረችው። መስኮቱ ተዘግቶ ከውጭ ሰው እየጮኸ፣ ልጁ ትንፋሽ አጥሮታል።

«ወላሂ ኢንስፔክተር አልነካሁትም! ዳገቱን ስወጣ ሁለት ነጭ መብራት ጎን ለጎን ሆኖ ከላይ መጣብኝ፣ እኩል ለእኩል። መኪና ነው ብዬ ጥግ ያዝኩ። ከዚያ አንዱ መብራት መሬት ውስጥ ገባ። ሌላው ቆመ። ስልዎት፣ ቆሞ ቦግ እንዳለ ቀረ። መኪና ቢሆን አንድ ዓይኑ ብቻውን የት ይሄዳል? ቆይቶ ዞረና፣ ቀይ ነገር ብልጭ ድርግም እያለ ወደ ፉሪ ወጣ።»

«ጥለኸው ብትሄድ ማን ያይህ ነበር?»

«ማንም። ግን ያቃስት ነበር።» ከዚያ የታሰሩ እጆቹን አየና «ከዚህ እወጣ ይሆን?» አላት።

የሺሃረግ የማትፈጽመውን ቃል አትገባም። ከገቢናው ወረደች፤ ሲያቃስት የሰማውን ጥሎ መሄድ ያልቻለው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ከልቧ አልወጣም። ማታ ከጣቢያው ስትወጣ የዲኖ ሚስት ራቢአ፣ የደረሰ ሆዷን ደግፋ፣ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዲኖ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ማረሚያ ቤት ነው።

በማግሥቱ የሺሃረግ ሰበታ ወደሚገኘው የአክመል ብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ሳህሉ፣ ሚስቱ ሮዳስ፣ ጓደኛቸው ዮፍታሔና አክመል እሑድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ አብረው ወደ ተጂ የሚነዱ ጓደኛሞች ናቸው። አክመልና ሳህሉ ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

«መብራቶቼን ሻማ ነው የሚላቸው!» አለ አክመል። «ደንበኛ ሊገዛ ሲል፣ ይሄ አንተ እንድትታይ እንጂ መንገዱን እንድታይ አያደርግህም ይለዋል። ከግንቦት ወዲህ ለይቶለት የመብራት ሰባኪ ሆኖ ነበር። ዮፍታሔ ባትሪ ለመቆጠብ መብራቱን አጥፍቶ ነበር የሚነዳው፤ ሳህሉ ትልቁን ራሱ ገዝቶ መሪው ላይ አሰረለት። ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ግን አናዳጅ።»

«አንተስ የምትነዳው በየትኛው ነው?»

«በአባቴ ሳይክል። ዲናሞ አለው፣ ጎማው ሲዞር ይበራል። ቻርጅ አልል፣ ምን አልል።»

«ቀዩን መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት ዝም ወዳለ ብርሃን የምትቀይሩት መቼ ነው?»

አክመል የሚያውቀውን ስለጠየቀችው ደስ አለው። «ከኋላህ የኛ ሰው ሲኖር። ብልጭታው ተከትሎህ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጥበረብረዋል። ስለዚህ መኪና እንዲያየን መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ ያብለጨልጫል። የሳህሉ ሕግ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ሁሌም ያብለጨልጭ ነበር።»

ሮዳስን ፉሪ፣ ግቢዋ ውስጥ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን አገኘቻት። ቅዳሜ ማታ ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ሮዳስም አልካደችም።

«ልናገር ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ አለኝ። ምኑን እንደሆነ አይነግረኝም። በግንቦት እሱና ዮፍታሔ ሁለቱ ብቻ ተጂ ሄደው ከመጡ ወዲህ እንዲያ ነው። ተጂ ተመልሶ፣ በማያውቀው ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ሲያለቅስ ዋለ። ቅዳሜ ዘንቦ የእሑዱ ጉዞ ሲቀር፣ ብቻዬን ወጣ ብዬ ልምጣ አለኝ። ተቆጥቼ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ጀርባዬን ነው ያየው!»

ብስክሌቷ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ መሪው ላይ መብራት የለም።

«እኔ ሄልሜቴ ላይ ነው የማስረው» አለች ሮዳስ። «ወዳየሁበት ያበራል።»

ዮፍታሔ ከድንኳኑ ጥግ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል። የቅርብ ወዳጅ ስለሆነ እንግዳ የሚቀበል፣ ወንበር የሚያሰናዳ፣ እዚያው የሚያድር እሱ ነው።

«ሳይክሌን ከቅዳሜ ወዲህ አልነካሁትም» አላት። «ከነመብራቱ ቤቴ ተቆልፎበታል። እኔም ከእሑድ ጠዋት ጀምሮ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፤ ማንንም ይጠይቁ።»

«መጠየቅ አያስፈልግም» አለች የሺሃረግ። «አምንሃለሁ።»

ማክሰኞ የሠልስቱ ሰው ሲበተን፣ የሺሃረግ ሮዳስን፣ አክመልንና ዮፍታሔን ድንኳኑ ውስጥ አስቀረቻቸው። ጃለታ ዲኖን በካቴና ይዞት ገባ፤ ራቢአ ተከትላ በር ላይ ቆመች። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። መጋረጃው ሲወርድ ድንኳኑ ጨለመ፤ አየሩም ታፈነ። ሮዳስ ዲኖን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ይሄን ሰው ለምን አመጣሽብኝ?»

«እሱ ያየውን ማናችሁም ስላልሰማችሁት» አለች የሺሃረግ። «እኛም ብንሆን ሰምተን አላመንነውም። ዲኖ ሁለት መብራት እኩል ለእኩል ሲመጣ አየ፤ መኪና መሰለው። መኪና ግን አንድ ዓይኑን ቦይ ውስጥ ጥሎ በሌላው አይመለስም። ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ብስክሌቶች ነበሩ። የሳህሉ ቀይ መብራት የነገረኝም ይህንኑ ነው፤ ብልጭ ድርግም አይልም ነበር። መጀመሪያ ከኋላው የሚያውቀው ሰው ይከተለው ስለነበር ዝም ወዳለው ቀይሮታል። ይህንን ሕግ የምታውቁት ደግሞ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

አክመል ብድግ አለ። «እኔን ነው?»

«ተቀመጥ። ዲኖ፣ ሁለተኛው መብራት ሲቆም ደብዘዝ ወይም ጥፍት አላለም?»

«ኧረ! ቆሞም ቦግ ብሎ ነበር።»

«የአንተ ዲናሞ ጎማው ሲቆም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ አንተ አይደለህም። የሮዳስ መብራት ደግሞ አናቷ ላይ ነው፤ ከሳህሉ በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር እንጂ እኩል ለእኩል ሆኖ መኪና አይመስልም። መሪው ላይ የታሰረ፣ ቆሞም የሚበራ መብራት ያለው ማነው?»

ዮፍታሔ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ኢንስፔክተር፣ እንዲህ ያለ መብራት ከተማው ሙሉ አለ።»

«አለ። ጃለታ፣ አምጣው።»

ጃለታ «ቶሌ፣ እሺ» ብሎ ከላስቲክ ከረጢት አንድ ቀይ የኋላ መብራት አወጣ።

«ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ከቤትህ ያመጣነው ነው» አለች። «አክመል፣ ቅዳሜ ማታ የሮዳስንና የዮፍታሔን መብራት ማነው ቻርጅ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። ፉሪ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ስለሌለ፣ በሱቄ ጄነሬተር እስኪሞላ ቻርጅ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሲሞላ ጎኑ ላይ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቢጫ ያሳያል።»

«የሮዳስ አረንጓዴ ነው፤ አይቼዋለሁ። የዮፍታሔስ?»

አክመል አዝራሩን ተጭኖ አቆየው። በጨለማው ውስጥ ብልጭ ድርግም አለ፤ ጎኑ ላይ ያለችው ነጥብ ግን ቢጫ ነበረች። አክመል መብራቱን እንደ ትኩስ ድንች ወንበሩ ላይ ጣለው።

«እዚሁ ድንኳን ውስጥ አብርቼው ይሆናል፣ ጨለማ ስለነበር…»

«ቀይ መብራት እያበራ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው የለም፣ ዮፍታሔ። ደግሞስ ቤቴ ተቆልፎበታል አላልክም? ከቅዳሜ ወዲህ አልነካሁትም አልክ። መልሰህ እንዳትሞላው ደግሞ ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ አንተም ከለቅሶው መውጣት አልቻልክም። የቅርብ ወዳጅ ነህና ማን ይለቅሃል? ይኸው ድንኳን ያዘህ።»

ዮፍታሔ መውጫውን አየ። ጃለታ መጋረጃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ተጂ ደውዬ ነበር» ብላ ቀጠለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኦቦ ቢቂላ የሚባሉ ሽማግሌ በግንቦት ጨለማ ውስጥ ተገጭተው መንገድ ዳር ሞተው ተገኝተዋል። ሞተር ሳይክል ነው ተብሎ ቀረ። ሳህሉ የማያውቃቸውን ሰው ያለቀሰላቸው ለዚህ ነው። ለአንተም ትልቁን መብራት የገዛልህ ለዚህ ነው።»

«መብራቴን አጥፍቼ ነበር» አለ ዮፍታሔ በመጨረሻ። «አላየኋቸውም፤ እሳቸውም አላዩኝም። ሳህሉ እንቁም ሲለኝ አስፈራርቼ አስሸሸሁት። እሑድ ሲወጣ አይቼ ተከተልኩት፣ አብረን ወረድን። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አብረኸኝ ና አለኝ። ለመንኩት እኮ! እምቢ ሲለኝ ጎኑ ደርሼ ወደ ቦዩ ገፋሁት።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መጀመሪያ ከኋላ ስደርስበት ዞር ብሎ አየኝ። እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ መብራቱን ሲቀይርልኝ አይቻለሁ።»

ሮዳስ እሪ አለች። የለቅሶ ቤት ነውና ከውጭ የሰማት ማንም አልደነገጠም።

ጃለታ የዲኖን ካቴና ፈትቶ ዮፍታሔ እጅ ላይ አደረገው። «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለው፤ ጃለታ ይቅርታ መጠየቅ ያልለመደበት ሰው ነው። ራቢአ በሩ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ዲኖ ግን ወደ እሷ ከመሄዱ በፊት የእጁን አንጓ እያሻሸ ዘወር አለ።

«ኢንስፔክተር፣ ሌላ ቀን ሰው ወድቆ ሲያቃስት ብሰማስ ምን ላድርግ?»

የሺሃረግ ወደ ሮዳስ ዞረች። የመለሰችለት ሮዳስ ናት።

«ያቃስት ነበር?»

«አዎ እህቴ።»

«ብቻውን?»

«አይ። ጭንቅላቱን ታቅፌው ነበር። እስኪያልፍ ድረስ አለሁ እለው ነበር።»

ሮዳስ ነጠላዋን ሰብስባ፣ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።

«እንግዲያው ያን ቀንም ትቆማለህ» አለችው።