የሳሳው ጠርዝ

ቆዳ ሠሪው ሰማን በሞተበት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቡታጅራ ከገበያው ጀርባ ባለው ግቢው ገብተው የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ ባሂራ፣ ታናሽ ወንድሙ ሙንታሲር፣ እና አዲስ አበባ የቦርሳ ቡቲክ ያላት ኤደን። ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ከወልቂጤ ተጠርታ ስትመጣ ሰማን ተቀብሯል፤ ሰፈሩም የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አላት ሳጅን ዱባለ፣ የቆዳ ሥራ ቤቱን በር እየገፋ። «ከሰል አቀጣጥሎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ የበሩን ሥር በቆዳ ወትፎ ተኛ። ሐኪሙም የገደለው የታፈነ ከሰል ነው ብሏል። እርስዎን ማድከም ምን ያስፈልግ ነበር?»

«ያደከመኝ መንገዱ ነው ዱባለ። ሥራው ገና ነው።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ቦርሳዎች፣ ከሥራቸው የከሰል ምድጃ። በክረምት ማስቲሹ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰማን ሁልጊዜ ከሥር ከሰል ያነድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ በቢላ የተተረተረ የውጭ አገር ቦርሳ ተቀምጧል፤ ከቆዳውና ከገበሩ መሀል ካርቶን ብቅ ብሏል።

ዘርፈሽዋል ከበሩ ኋላ የወደቀውን ረዥም የቆዳ ቁራጭ አነሳች። ደጅ ካለው መዘፍዘፊያ ገንዳ በእርጥቡ ወጥቶ፣ በኋላ በሙቀቱ የደረቀ ነው። በአንድ ፊቱ ቀይ ጭቃና በመሣሪያ የተገፋበት ጠባሳ አለበት፤ ሌላው ፊቱ ንጹሕ ነው። የሳሳውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው። በመሐረብ ጠቀለለችው።

ባሂራን ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት።

«ለቅሶ የመጡት ራሱን ያጠፋ ሰው ቤት ነው ብለው በር ላይ ቆመው ነው የሄዱት» አለች ባሂራ። «ልጄ ሩፋይዳ ትናንት ራት ላይ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አባዬ ጠልቶን ነው የሄደው?› የምመልስላት አጣሁ። እውነት እንደዛ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይንገሩኝ። ሳላውቅ ግን ያቺን ልጅ በምን ዓይኔ ልያት?»

«ማክሰኞ እንዴት ነበር?»

«ዙህር ሰገደ፣ ምሳውን በላ። ‹ያቺ የኤደን ቦርሳ ሆዷ ካርቶን ነው› እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ እንደ ልማዱ ሥራ ቤት ገብቶ ጋደም አለ። እኔ እህቴ ጋ ሄድኩ። ስመለስ በሩን ገፍቼ ገባሁ...»

«መስኮቱን ይዘጋ ነበር?»

«ከሰል ካለ አይዘጋም። ዝናብ ቢገባበት እንኳ።»

«እርስዎስ ቆዳ ይቆርጣሉ?»

«ገበር ነው የምሰፋው። ቢላውን ይዤው አላውቅም።»

ቃሏን እንድትሰጥ ከአዲስ አበባ የተጠራችው ኤደን በረንዳው ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ይሄ ስንት ነው?» አለቻት ዘርፈሽዋል።

«አንድ በሬ ይገዛል።»

«ዋጋው ይገባዋል?»

«ሰው የሚገዛው ቆዳውን አይደለም ኢንስፔክተር፤ ስሙን ነው። ሰማን ይሄ አልገባውም። ይሄን አስመስለህ ሥራልኝ ብዬ ናሙና ብሰጠው በቢላ ተረተረው። ‹የኔን ቦርሳ ልጅሽም ትይዘዋለች፣ ስሙም ሰማን ነው› አለኝ።»

«ማክሰኞስ?»

«የመጨረሻ መልሱን ልሰማ አሥር ሰዓት ላይ መጣሁ። ሙንታሲር በር ላይ ተቀበለኝ። ‹ወንድሜ ራሱን አሞት ተኝቷል፣ በሱ ቦታ እኔ አለሁ› አለኝ። ራሱ የሠራውን ቦርሳ አሳየኝ፤ ከናሙናው አይለይም። እሱን አዲስ አበባ ወስጄ ላሠራው ተስማማን። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ ጁስ ጋበዘኝ።» ቦርሳዋን ከጉልበቷ ወደ ወለሉ አወረደች። «እዚያ ቁጭ ብለን እየሳቅን ነበር።»

የሙንታሲር ዓይን በለቅሶ አብጧል። ዘርፈሽዋል እንባው የውሸት እንዳልሆነ አየች፤ ይህም ከበዳት። የኤደንን ቦርሳ ፊቱ አኖረችለት።

«ዋጋው ይገባዋል?»

«ይገባዋል።» ጣቱ ሳይታዘዝ በጠርዙ ላይ ሄደ። «ሰማን የቆዳ ጠርዝ በቢላ ፍቆ አያሳሳም። ሙሉውን አጥፎ ነው የሚሰፋው። የሱ ቦርሳ አያረጅም፣ ግን እንደ ኮርቻ ይከብዳል። ይሄን ጠርዝ እዩት፣ እንደ ወረቀት። ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ የሚያሳሳ አንድ እጅ ነው ያለው።»

«የማን?»

«የኔ ነዋ» አለ። ወዲያው አንገቱን ደፋ።

ዘርፈሽዋል ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ ባሂራ፣ መጀመሪያ የእርስዎን ልመልስ። ባለቤትዎ ራሱን አላጠፋም።»

ባሂራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ቆዳው እኮ የተገኘው ውስጥ ነው» አለ ዱባለ።

«በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ባሂራ ስትገፋው ቆዳውን ይዞት ገባ። ይሄን ፊት እየው። የመሣሪያው ጠባሳ ያለው እዚህ ነው፤ የተገፋው በዚህ በኩል ነው። ጭቃውም ያለው በዚሁ በኩል ነው፤ ከጣሪያው የወረደው ዝናብ የረጨው። ስለዚህ የወተፈው ሰው ደጅ ነበር። የመስኮቱንም መዝጊያ ከደጅ ሆኖ ማንም ይገፋዋል።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ያገኘውን ጨርቅ ይወትፍ ነበር። ይሄኛው ግን ቆዳው ከበሩ ሥር ልክ እንዲገባ መጀመሪያ ጠርዙን በቢላ አሳሳው። አስቦበት አይደለም፤ እጁ ለምዶ ነው። ኤደን ቆዳ አትቆርጥም። ባሂራ ቢላ አልያዘችም። ሰማን አያሳሳም።» ወደ ሙንታሲር ዞረች። «ደግሞ ሰማን ምሳ ላይ እየሳቀ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ራሱን እንዳመመው ማን ነገረህ? የነገረህ የለም። የታፈነ ከሰል ራስ እንደሚያም ስለምታውቅ ነው።»

ሙንታሲር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እንዲያመው ብቻ ነበር» አለ። «ኤደን መጥታ እስክትሄድ እንዳይነሳ። እምቢ ይላታል፣ አውቀዋለሁ። እሷን ሸኝቼ መስኮቱን ልከፍትለት ነበር። እታለም ባሂራ፣ ወላሂ ልከፍትለት ነበር። መናኸሪያ ቆየሁ።»

ኤደን ፊቷን አዞረች። ባሂራ ሻሹን ከፊቷ አወረደች። ይህን ልጅ፣ ሙንታሲርን፣ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ከልጇ ሳትለይ ያሳደገችው እሷ ናት።

«ሩፋይዳ ያለችውን ሰምተሃል» አለችው በቀስታ። «አጠገቧ ነበርክ። ቆጮ እየቆረስክ። ዝም አልክ።»

ዱባለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ራሱን እንዳላጠፋ ለሰፈሩ እኔ እናገራለሁ» አለ።

ሙንታሲር ከቀትር በፊት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። በማግስቱ ባሂራ ምግብ ቋጥራ ሄደች፤ ለዘበኛው ሰጥታ፣ ልጁን ሳታየው ተመለሰች።