ራሒማ ያለችው

«ሞተሩ ተጠግኗል፣ ውሃ አለ ትያለሽ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ!» አለ አሊ፣ የሱዳኗ ዶካ ከተማ ምክር ቤት፣ የመጅሊሱ፣ ጸሐፊ።

አሰጋሽ ከጠረጴዛው ፊት ቆማ ጥርሷን ነከሰች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ደርግ አባቷን ሲያስር ከእናቷ ጋር ከመተማ ተሰደደች። ዓረብኛ የተማረችው እዚህ ዶካ ስለሆነ የሐበሾች ሰፈር አስተርጓሚ እሷ ናት።

የሰፈሩ የውሃ ሞተር ከተበላሸ አራት ወር ሆኖታል። ዶካ ለገዳሪፍ ጻፈ። ገዳሪፍ ለከሰላ አስተላለፈ። ከሰላ «ካርቱም ካልፈቀደ አይሆንም» አለ። በመጨረሻ ካርቱም ፈቅዶ መለዋወጫው መጣ፤ ግን የገባው የመጅሊሱ ሹም እርሻ ላይ ባለው ሞተር ውስጥ ነው። ሲያራግፉት አሰጋሽ በዓይኗ አይታለች። ሰፈሩ ደግሞ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ሲቀዳ ከረመ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታቸው የራሒማ ልጅ ሉሉ በተቅማጥ ሞተች።

አሊ መሳቢያውን መታ መታ አደረገ። «የእናትሽ የመኖሪያ ወረቀት የሚታደሰው እዚህ ነው። ነገ ስለ ሞተሩ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ከገዳሪፍ ይመጣል። አስቢበት።»

እቤት ስትደርስ ለእናቷ ለውዴ ሁሉንም ነገረቻት።

«አፍሽን ያዢ፣ ልጄ» አለች ውዴ። «አገራችንም እያለን ቀበሌው ያላየነውን አይተናል ብላችሁ ፈርሙ ሲለን ፈርመናል። እዚህማ የሰው አገር ነው።»

«ፈርማችሁ ምን አገኛችሁ? አባዬን ለቀቁት?»

አሰጋሽ የእናቷን ፊት አይታ ተጸጸተች፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው በላንድሮቨር መጣ። ሹሙና አሊ ግራና ቀኙን ይዘዋል። ሰፈርተኛው በተቆለፈው የሞተር ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ።

«መለዋወጫው ደርሷችኋል?» ሲል ተቆጣጣሪው ጠየቀ። አሰጋሽ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰችው።

ራሒማ ከሰው መሀል ወጣች። ወደ አሰጋሽ ዞራ በአማርኛ ተናገረች። «ሹሙ እርሻው ወስዶታል በይልኝ። እኔ የኩሬ ውሃ አጠጥቼ ልጄን ቀበርኩ በይልኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ!»

«መንግሥትን እያመሰገነች ነው፣ አይደል?» አለ አሊ ፈገግ ብሎ፤ ዓይኑ ግን አሰጋሽ ላይ ተተክሏል።

አሰጋሽ ዞር ብላ እናቷን ፈለገች። ውዴ ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች መጣችና ከጎኗ ቆመች። እጇን ጨብጣ ያዘቻት።

«እና?» አለ ተቆጣጣሪው። «ሴትዮዋ ምን አለች?»

አሰጋሽ ፊቷን ከአሊ መለሰች።

«ሉሉ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት» ብላ በዓረብኛ ጀመረች።